ከሃያ በታች አልገባም

የአሬ ወንዝ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ላልነካው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ እኔ ግን ልሞክር። አንድ ጊዜ በሰኔ ስዋኝ አንድ የሰባ ዓሣ ጎኔ ተጠግቶ፣ «ወንድሜ፣ ካፖርት ታውሰኛለህ?» አለኝ። «ካፖርት ለብሶ የሚዋኝ ማን አለ?» አልኩት። «ያለ ካፖርት እዚህ የገባኸውማ ጤነኛ አይደለህም» ብሎኝ ሄደ። ይህን ለእህቴ ለአነሊስ ስነግራት ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ስንት ዲግሪ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ ሦስት።»

«እንግዲያው ውሸትህን ነው። በአሥራ ሦስት ዲግሪ ዓሣ አፉን አይከፍትም፤ ምላሱ ይበርደዋል።»

እንዲህ ነበረች። እኔ ኮቢ በወንዙ ዳር ባለው በማርዚሊ መዋኛ በር ላይ አይስክሬም እሸጣለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩ ዕለት መምህሬ ለክፍሉ በሙሉ ቸኮላት አከፋፍሏል ይባላል፤ ያስወራሁት እኔው ነኝ። በበርን ከተማ ውሸቴን የማያውቅ የለም። ቁም ነገር ብላ ተቀምጣ የምትመረምረው ግን አነሊስ ብቻ ነበረች።

ባሏ ጎዲ ዕድሜውን ሙሉ ትራም ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሁለት ፌርማታ ያልፋል። በበጋ፣ እሑድ እሑድ፣ ዳቧቸውን በቅቤ በልተው ሲያበቁ በባዶ እግራቸው በወንዙ ዳር ሽቅብ ይሄዱና ከላይ ይገባሉ፤ ከዚያ ወንዙ ራሱ እንደ ትራም ይዟቸው እስከ መዋኛው ይወርዳል። ጎዲ አሥራ ስድስትም ቢሆን፣ አሥራ አራትም ቢሆን ትንፍሽ ሳይል ይገባል። አነሊስ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዳር ትቆማለች።

«ነይ እንጂ!» ይላታል።

«ከሃያ በታች አልገባም። እኔ ዓሣ አይደለሁም፤ አንተም ሰው አይደለህም።»

ወንዙን ግን ከሁላችንም በላይ ታውቀው ነበር። እኛ ሰማዩን አይተን «ዛሬ ይሞቃል» ስንል እሷ «ትናንት ማታ ቱን ሐይቅ ላይ ምን ነፈሰ?» ትላለች። ወንዙ ወደ እኛ የሚመጣው ከዚያ ሐይቅ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ከላይ ያለውን ሙቅ ውሃ ወዲያ ሲገፋው ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣና ይላክልናል። ታዲያ ፀሐይ አናት እየበሳች ወንዙ እንደ በረዶ ይሆናል። «ሐይቁ ሌሊት ሲገላበጥ ብርድ ልብሱን ይጥላል፤ እሱ ይተኛል፣ የሚበርደን እኛን ነው» ትል ነበር።

በግንቦት ሆስፒታል ተኛች። በሽታው ምን እንደነበር አልናገርም፤ ስሙን መጥራት ማክበር ይሆናል። መጨረሻው ሲቃረብ ሁለታችንን ጠራችን።

«አስከሬኔ ሲቃጠል አመዴን ወንዙ ውስጥ ጨምሩት።»

«እሺ» አለ ጎዲ።

«ግን ከሃያ በታች አልገባም።»

እኔ አፌ መች ያርፋል። «አንቺ፣ አመድ ደግሞ ይበርደዋል እንዴ?» አልኳት።

«አንተ ሞተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያው ዝም በል።» ከዚያ ወደ ጎዲ ዞረች። «ጎዲ፣ ቃልህን።»

ጎዲ እጇን ያዘ። «ሃያ» አላት። ጎዲ በአንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ያ በጋ ግን በጋ አልነበረም። ሰማዩ ከእኛ ጋር የተጣላ ይመስል ዘነበ፣ ዘነበ፣ ዘነበ። በየማለዳው የመዋኛው ጠባቂ በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የውሃውን ሙቀት ይጽፋል። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። ደግሞ አሥራ አራት። ጎዲ ጃንጥላውን ይዞ ይመጣል፣ ሰሌዳውን ያያል፣ ቤቱ ይመለሳል። አመዷ በሸክላ ዕቃ ሆኖ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በወንበሯ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በዚያ ወንበር ማንም አይቀመጥም። አንድ ቀን ከኋላው ተከትዬ ስገባ ወደ ሸክላው ጎንበስ ብሎ «አሥራ አምስት» ሲላት ሰማሁት። ሁለት እንቁላል ቀቀለ፤ አንዱንም አልበላም። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል።

የሰፈሩ ሰዎች «ለምን መቃብር አታስገባትም? ወይ ደግሞ ዝም ብለህ ጨምራት፤ ማን ያያል?» ይሉታል። እሱ መልስ ለመስጠት አፉን ሲከፍት እነሱ ጥለውት ይሄዳሉ።

እኔም ቢጨንቀኝ አንድ ቀን የፈላ ማንቆርቆሪያ ይዤ መጣሁና ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ እያየኝ ወንዙ ውስጥ አፈሰስኩት።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«ወንዙን እያሞቅሁ ነው። ትንሽ ነው የቀረው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ከአይስክሬምህ ጋር ተጣልተሃል?»

«በዚህ ዝናብ የሚገዛኝ ስላጣሁ ሁሉንም የበላሁት ራሴ ነኝ። ሆዴን ብትነካው ከወንዙ ይብሳል።»

ሰው ሳቀ። ጎዲ ከጃንጥላው ሥር አየኝ፤ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰች። አነሊስ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች። ለዚያች ፈገግታ ስል ወንዙን ሙሉ ብቀቅለው አይቆጨኝም ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ በድንገት ተቆረጠ። ፀሐይ ወጣች፤ ሳሩ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሰሰ፤ እኔም አይስክሬም መሸጥ ምን እንደሚመስል ትዝ አለኝ። ሰሌዳው በየቀኑ ሽቅብ ወጣ። ቅዳሜ ዕለት ጠባቂው «20» ብሎ ጻፈና ከሥሯ መስመር አሰመረባት። የጎዲን ቃል ሁሉም ያውቅ ነበር። ጎዲ ሰሌዳው ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እንሂድ እንጂ!» አልኩት።

«ነገ» አለ።

«ለምን ነገ? ይኸው ሃያ!»

«እሑድ ነው… የምንገባው። ከእሷ ጋር።»

ተውኩት። ያን ሌሊት የመስኮቴ መከለያ ሲንኳኳ ነቃሁ፤ ተነሥቼ ዘጋሁትና ተመልሼ ተኛሁ። ቱን ሐይቅ ላይ ምን ነፈሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጠያቂዋ ሸክላው ውስጥ ናት።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ምድጃ ሆኖ ነጋ። ሸክላው ከባድ ስለሆነ አመዷን ወደ ራሷ የብስኩት ቆርቆሮ ገለበጥነው፤ ላሞች አበባ አጊጠው ተራራ ሲወጡ የተሳለበት፣ ለገና ኩኪስ የምታስቀምጥበት ነው።

«ብታይ ትቆጣ ነበር» አለ ጎዲ።

«ኩኪሱን የት አደረጋችሁት ብላ ነዋ።»

ቆርቆሮውን ቀዩ ከረጢቴ ውስጥ ከተትነው። ውሃ የማያስገባ፣ ዋናተኛ ሁሉ ልብሱን አስሮበት የሚንሳፈፍበት ዓይነት ነው። እኔ ዕቃ ስለምጥል ስሜና ስልኬ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል። በመዋኛው ስናልፍ ጠባቂው ገና አልመጣም፤ ሰሌዳው ላይ የትናንቷ ሃያ ከነመስመሯ አለች። እሷን አይተን፣ ፀሐይዋን አይተን፣ በወንዙ ዳር ሽቅብ ሄድን። ጎዲ ከረጢቱን ክርስትና እንደሚነሣ ሕፃን ታቅፎታል።

«ልያዝልህ?»

«አይ።»

«መሐል ስንደርስ ትከፍተዋለህ፣ ቀስ አድርገህ ታዘነብለዋለህ። እኔ አጠገብህ ነኝ።»

«እ።»

ደረጃውን ወርዶ እግሩን አስገባ። ወንዙ እዚያ ቦታ ላይ አያመነታም፤ ጉልበትህን ካገኘ ሙሉ ሰውነትህን ይወስዳል። ጎዲ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ኮቢ፣ ቀዝ…» አለ፤ ሳይጨርሰው ውሃው ወሰደው።

ተከትዬው ዘለልኩ። ውሃው ቢላዋ ነው። ሃያ አይደለም፣ አሥራ ስምንትም አይደለም። እየተነፈስኩም እያቃሰትኩም ደረስኩበት።

«ክፈተው ጎዲ! ክፈተውና እንጨርስ!»

«አሥራ አምስት ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ነው!» አልኩት። ጥርሴ ግን ቃሉን ለአራት ቆራረጠው።

«ነፋስ ነበር ማታ» አለ። «ነፋስ ነበር ኮቢ፤ አልጠየቅንም። እሷ ብትኖር ትጠይቅ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰ። ወንዝ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው እንባው አይታይም ይላሉ። እኔ ብዙ ውሸት አውቃለሁ፤ ያ ግን ከሁሉ የከፋው ነው።

ወንዙ ለልቅሶ አይቆምም። በዳሩ ቀያይ የብረት መያዣዎች ተተክለዋል፤ መውጫው በእነሱ ነው። የበርን ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የሚማረው አንድ ነገር አለ፦ ብረቱ በሁለት እጅ ይያዛል፤ እጅህ ላይ ምንም አይኑር። የመጨረሻው ብረት ካለፈህ ግድቡ ነው፤ ከግድቡ የሚመለስ የለም። ጎዲ የመጀመሪያውን ብረት አለፈ፤ ሁለት እጁ እሷ ላይ ነው። ሁለተኛውን አለፈ። የግድቡ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ከሩቅ ሲሰሙት ጭብጨባ ይመስላል።

እኔ ቀድሜው ዋኘሁና የመጨረሻውን ብረት በአንድ እጄ ጨበጥኩት።

«እጅህን!»

«እጅ የለኝም!»

«ጎዲ፣ በእግዚአብሔር እጅህን!»

ሲያልፈኝ ያገኘሁት ቁምጣውን ነበር፤ ያንኑ ያዝኩ። ላስቲኩ ከዚያ ቦታ እስከ ጀርመን ድንበር ተዘረጋ። ወንዙ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ የጎዲ ነጭ ቂጥ መሐል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ታሪክ ለአሥር ዓመት እሸጠው ነበር። ከዚያ አንድ እጁ መጣ፤ ክንዴን ያዘ። እሱ አመለጠችኝ ይላል፤ እኔም አዎ አመለጠችህ እላለሁ። ተከራክረንበት አናውቅም።

ቀዩ ከረጢት ወደ ግድቡ ሄደ። አፋፉ ላይ ጫማዋን የምትፈልግ ሴት ይመስል ለአፍታ ዞር ዞር አለ፤ ከዚያ የለም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ቁምጣውን በአንድ እጁ ይዞታል።

«ከረጢቱ ውሃ አያስገባም አይደል?» አለኝ።

«ጠብታ አያስገባም።»

«እንግዲያው አልነካትም።»

«አልነካትም ጎዲ። ደረቅ እንደሆነች ነው የሄደችው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጎዲ ወደ ሰሌዳው መምጣት ተወ። ቤቱ ስሄድ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ሸክላ እያየ ተቀምጧል። ሾርባ ሠራሁለት፤ ቀዘቀዘ። መከርኩት፤ አልሰማኝም። ሌላ የማውቀው ሙያ ስለሌለኝ ዋሸሁ።

«ትናንት ባዝል ከተማን አለፈች» አልኩት።

ቀና አለ። «ማን?»

«አነሊስ ናታ። እዚያ አንድ የጀልባ ሰው አውቃለሁ፤ ቀይ ከረጢት የእኛ ወንዝ በሚገባበት በራይን ወንዝ ስትወርድ አይቻለሁ አለኝ። ላስቁማት ብዬ ስጠጋ በማዕበል ፊቴን አጠበችኝ፣ ቸኩላ ነበር አለ።»

«ባዝል… ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

ሾርባውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ማንኪያውን አነሣ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሆነ። በየቀኑ አይስክሬሜን ዘግቼ እሄዳለሁ። በር ሲከፍት ሰላምታ የለም፤ «የት ደረሰች?» ነው። ስትራስቡርግ አደረስኳት፤ እዚያ ሁለት ዳክዬዎች ተራ ተራ እየሆኑ ተቀምጠውባት ሄዱ። ኮሎኝ አደረስኳት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጮኸላት። በትምህርት ቤት ያልገባኝን ጂኦግራፊ በእህቴ አመድ ተማርኩት። ጎዲም ካርታ አምጥቶ ወንበሯ ላይ ዘረጋው፤ በእርሳስ ይከተላታል። ሆላንድን ስታልፍ ባሕሩ ወደ ደቡብ ይወስዳታል ብያለሁ፤ ፖርቱጋል፣ ሞሮኮ፣ ከዚያ ወዲያ ውሃው ከሃያ የማይወርድበት አገር። ቀበቶው ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመለሰ።

አንድ ዝናባማ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«አቶ ኮቢ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ከኃይል ማመንጫው ነው፣ ከከተማው በታች ካለው። ቀይ ከረጢት ጠፍቶብዎታል? የውሃ መግቢያውን ፍርግርግ ስናጸዳ አገኘነው። ውስጡ የብስኩት ቆርቆሮ ያለ ይመስላል።»

የአይስክሬሜን ሣጥን ዘጋሁት።

«አቶ ኮቢ?»

«ብስኩት አይደለም» አልኩ።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ሰውዬው የሥራ ጓንቱን አውልቆ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ገብቶት መሆን አለበት። አጠገቡ ከወንዙ የተለቀመው ተከምሯል፤ ጭራሮ፣ የተነፈሰ ኳስ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የሞተ ዳክዬ። እኔ ደወል ሳስደውልላት፣ ዳክዬ ሳስቀምጥባት፣ እህቴ ከቤቷ የአውቶቡስ መንገድ ላይ፣ ብረት ላይ ተጣብቃ ዝናብ እየመታት ነበር።

ከረጢቱን ከዝናብ ልብሴ ሥር ደብቄ ወደ ጎዲ ሄድኩ። ልነግረው ነበር። እውነት እላለሁ፣ ልነግረው ነበር።

በሩን ሲከፍት ፂሙን ተላጭቷል። «ቆይ፣ አትንገረኝ፣ እኔ ልገምት» አለኝ። «ሮተርዳም።»

«ጎዲ፣ አንድ ነገር…»

«ታውቃለህ ኮቢ» አለ፤ እያወራ ወደ ምድጃው ዞረ፤ እንቁላል እየቀቀለ ነበር። «ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። አገኘናት እንዳይሉኝ። ግድብ ላይ፣ ብረት ላይ ተይዛ… ከጭራሮ ጋር፣ ከቆሻሻ ጋር። በዚያ ብርድ። ቃሌን ሰጥቻት። ያንን ከምሰማ…» አልጨረሰውም።

ከልብሴ የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ። የቆርቆሮው ጠርዝ ጎድኔን ይወጋኛል።

«ሆድህ ምን ሆኗል?» አለኝ ዞር ብሎ።

«ወፍሬ ነው። አይስክሬሙ ነው።»

ሳቀ። ጎዲ ጮክ ብሎ ሳቀ። እኔም ክንዴን እህቴ ላይ አጥብቄ አብሬው ሳቅሁ።

«ሮተርዳምን አልፋለች» አልኩት። «ዛሬ ጠዋት።»

ቤቴ ወስጄ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ፀሐይ ተመለሰች። በየምሽቱ ቱን ለሚኖር ለአንድ ዓሣ አጥማጅ እደውላለሁ፤ «ምን ነፈሰ?» ብዬ። እንዳሾፍኩበት ነው የሚቆጥረው። «ዛሬ ምንም አልነፈሰም፤ አንተም አትንፈስ» ይለኝና ይዘጋል። ምንም ያልነፈሰባቸው ቀናት ተከታተሉ። ሰሌዳው ሃያ ሲል እንኳ አላመንኩትም፤ ወርጄ ክንዴን እስከ ብብቴ አስገብቼ ቆየሁ።

እሑድ ዳቦዬን በቅቤ በላሁና ሽቅብ ሄድኩ። ገባሁ። እንደ ጉንጭ ሙቅ ነበር። መሐል ስደርስ ቆርቆሮውን ከፍቼ ቀስ አድርጌ አዘነበልኩት። ወዲያው አልጠፋችም። እንደ ስስ ጭስ ሆና አጠገቤ ተዘረጋች፤ ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ወረድን። ያን የዓሣውን ታሪክ እንደገና ነገርኳት። ስንት ዲግሪ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ከዚያ ውሃው ብቻ ሆነ።

አመድን የሚይዝ ፍርግርግ የለም። ባዶውን ቆርቆሮ ውሃ ሞልቼ ለቀቅኩት፤ ላሞቹ ወደ ታች ሰመጡ። ቀዩ ብረት ሲመጣ በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እጄ ላይ ምንም አልነበረም።

ጸጉሬ ሳይደርቅ የጎዲን በር አንኳኳሁ።

«የት ደረሰች?»

«ውሃ ውስጥ ናት።»

«ስንት ነው?»

«ሃያ ከግማሽ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእጄ ነክቼዋለሁ ጎዲ። በዚህ በእጄ።»

እጄን አየ፤ እርጥብ ጸጉሬን አየ፤ ካርታውን አየ፤ በእሱ እርሳስ እሷ ሩቅ ባሕር ላይ ናት። ፈገግ አለ።

«አንተ ቀጣፊ» አለኝ። ከዚያ ካርታውን አጥፎ ከወንበሯ ላይ አነሣና ወንበሩን ስቦ ሰጠኝ። «ቁጭ በል። እንቁላሉ ሁለት ነው።»